የፍጥነት ሴንሰር ብልሽትና የምክንያት ጥያቄ

አንድ ነገር ከሌላው ተከትሎ ሲመጣ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ውጤት ነው ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃል? ጥያቄው ፈላስፎችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ገንዘብና ስም ይዞ በየዕለቱ ይነሣል። የተለመደው መልኩ እንዲህ ነው፦ መኪናው አዲስ የናቪጌሽን ስክሪን ይገጠምለታል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የፍጥነት ጌጁ በጉዞ መካከል ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፣ ዲያግኖስቲክ ማሽኑም ፒ0500 የሚል ኮድ ያወጣል። ባለመኪናው «ስክሪኑን የገጠመው ሰው አበላሸብኝ» ይላል። ገጣሚው በበኩሉ «ሴንሰሩ ድሮም አርጅቷል፤ አጋጣሚ ነው» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ከቀኑ ቅደም ተከተል ተነሥቶ ይከሳል፣ ሌላው በአጋጣሚ ይከላከላል፤ ሽቦውን ግን ሁለቱም ገና አላዩትም።

የምልክቱ መንገድ

የመኪና ፍጥነት የሚታወቀው የአንድን ዘንግ ዙር በመቁጠር ነው። በብዙ መኪኖች ሴንሰሩ የሚገኘው ካምቢዮው ላይ፣ ኃይል ወደ ጎማ በሚወጣበት ዘንግ አጠገብ ነው፤ በሌሎች ደግሞ ቆጠራው ከኤቢኤስ የጎማ ሴንሰሮች ይወሰዳል። ሴንሰሮቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። ባለሁለት ሽቦው በውስጡ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለው፤ የጥርስ ቀለበት በፊቱ ሲሽከረከር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ፍጥነት ሲጨምርም ቮልቴጁም ድግግሞሹም አብረው ከፍ ይላሉ። ባለሦስት ሽቦው የሆል ሴንሰር ነው፤ አንዱ ሽቦ ኃይል፣ ሁለተኛው ግራውንድ፣ ሦስተኛው ምልክት ይይዛል፤ የሚልከውም ብድግ ቁጭ የሚል ጥርት ያለ ምት ነው። በጃፓን ስታንዳርድ መሠረት የፍጥነት ጌጅ ዘንግ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ 637 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር አራት ምት የሚሰጥ ሴንሰር እንግዲህ በአንድ ኪሎ ሜትር 2548 ምት ይልካል፤ በዚያ ፍጥነት በሰኮንድ 42 ያህል ማለት ነው።

ምቱን የሚጠብቀው ጌጁ ብቻ አይደለም። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅና ስራ ፈት ዙርን ለማስተካከል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይርበትን ቅጽበት ለመወሰን፣ የኤሌክትሪክ መሪ ክብደቱን ለመመጠን፣ ክሩዝ ኮንትሮልም ፍጥነቱን ለመያዝ ይጠቀሙበታል። በብዙ መኪኖች ምልክቱ መጀመሪያ ወደ ዳሽቦርዱ የጌጅ ክፍል ይገባና ከዚያ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። አከፋፈሉ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ተቀባዩ በሽቦው ላይ በሬዚስተር በኩል 5 ወይም 12 ቮልት ያስቀምጣል፤ ላኪው በየምቱ ያንን ቮልት ወደ ግራውንድ ይስበዋል፣ መልሶም ይለቀዋል። ስለዚህ መስመሩን ከሚጋሩት አንዱ ወደ ግራውንድ ጎትቶ ከያዘው፣ የቀሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደነቁራሉ። ሴንሰሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቃሉ የትም አይደርስም።

ናቪጌሽን ወደዚህ መስመር የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋሻ ውስጥ ወይም ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ሳተላይት ሲጠፋው አቅጣጫን በጃይሮስኮፕ፣ ርቀትን በፍጥነት ምት እየቆጠረ ቦታውን ይገምታል። ለዚህም ገጣሚው የመኪናውን የፍጥነት ሽቦ ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ ቋሚ የባትሪ ኃይል፣ በቁልፍ የሚበራ ኃይል፣ የመብራት፣ የኋላ ማርሽና የእጅ ፍሬን ሽቦዎች ይቀጠላሉ። ከጃፓን በቀጥታም ሆነ በዱባይ በኩል ያገለገሉ መኪኖች በብዛት በገቡባት ኢትዮጵያ፣ በጃፓንኛ ብቻ የሚሠራውን የፋብሪካ ስክሪን አውጥቶ በአንድሮይድ ስክሪን መተካት የተለመደ ሥራ ነው፤ ሲወጣም ሲገባም የሚነካው ይኸው የሽቦ እሽግ ነው።

ስሕተት የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ሽቦውን ሳይልጥ ነክሶ የሚይዘው ማያያዣ ከመዳብ ክሮቹ ጥቂቶቹን ይቆርጣል፤ የቀሩት በንዝረትና በእርጥበት ቀስ በቀስ ይበላሉ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ በሙቀት ይፈታል። የስክሪኑ ኃይል ከጌጁ ፊውዝ ከተወሰደና ፊውዙ ከተቃጠለ ስክሪኑና ጌጁ አብረው ይጠፋሉ። የስክሪኑ ግራውንድ ደካማ ከሆነ ጅረቱ በሌላ ሽቦ ዞሮ መመለሻ ይፈልጋል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ለብቻው የተዘረጋ የፍጥነት ሽቦ ላይኖር ይችላል፤ መረጃው ካን በሚባለው ባለሁለት ሽቦ መረብ ያልፋል፣ ያልተስማማ አስማሚም መረቡን ሊያውክ ይችላል።

የኮዱ ምስክርነት

ማሽኑ ኮድ ሲያወጣ ብዙ ሰው ፍርዱ እንደተሰጠ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ግዴታ በሆነው የኦቢዲ 2 ሥርዓት ፒ0500 የፍጥነት ሴንሰር ምልክት ችግርን፣ ፒ0501 ከሚጠበቀው ክልል የወጣ ምልክትን፣ ፒ0502 ዝቅተኛ ምልክትን፣ ፒ0503 የሚቆራረጥ ወይም የሚዘል ምልክትን ያመለክታሉ። አራቱም የሚናገሩት ኮምፒውተሩ ጋ ስለደረሰው ነገር ነው። በመንገድ ላይ ስለሆነው አንድም አይናገሩም።

ከዚህም በላይ ኮዱ ራሱ የመደምደሚያ ውጤት ነው። ኮምፒውተሩ ጎማውን አያይም፤ የሞተሩ ዙርና ጭነት «መኪናው እየሄደ ነው» ሲሉት የፍጥነት ሽቦው «ቆሟል» ካለው፣ ከሁለቱ አንዱን ማመን ግድ ይሆንበታል፤ በተሠራለት ደንብ መሠረትም የፍጥነት ሽቦውን ይጠረጥራል። ሴንሰሩ ሞቶም ይሁን ሽቦው ተቆርጦ፣ ፊውዙ ተቃጥሎም ይሁን ስክሪኑ መስመሩን ይዞት፣ የሚጻፈው ያው አንድ ኮድ ነው። ኮዱን አንብቦ ሴንሰር መግዛት ስለዚህ ምስክርን ከዳኛ ማምታታት ነው።

የሙሴ ሕግ በዘዳግም 19፥15 በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ይከለክላል። የሕጉ ዐላማ ሰውን መጠበቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ማስተዋል ግን ስለ ዕውቀትም ይሠራል። አንድ ምስክር ሲሳሳት መሳሳቱን የሚገልጥ ሌላ ነገር የለም። ሁለተኛው ምስክር ጥቅም የሚኖረው ደግሞ ከመጀመሪያው ሳይሰማ በራሱ መንገድ ያየ እንደሆነ ነው። ጌጁም ኮምፒውተሩም ዝም ማለታቸው ሁለት ምስክርነት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ሁለቱ ከአንድ ሽቦ የሚሰሙ ከሆኑ ግን ምስክሩ አንድ ነው። በራሱ መንገድ የሚያየው የሴንሰሩ እግር ላይ በቀጥታ የተደረገው መለኪያ ነው።

መከተልና ማስከተል

የኢስላም ሊቅ አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 ገደማ በጻፈው «የፈላስፎች መፋለስ» ስለ እሳትና ጥጥ ይናገራል። ጥጥ እሳት ሲነካው ይነዳል፤ ዐይን የሚያየው ግን መንደዱ ከመንካቱ ጋር አብሮ መሆኑን ነው፣ በመንካቱ መሆኑን አይደለም። የገዛሊ መነሻ ሃይማኖታዊ ነው፦ እውነተኛው አድራጊ እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ በፍጥረት መካከል የምናየው ትስስርም በርሱ ፈቃድ የጸና ልማድ ነው። ኢብን ሩሽድ ከአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ሲመልስለት፣ ምክንያትን የሚክድ ዕውቀትን ራሱን ይክዳል ብሎ ተከራከረ። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 ማሳተም በጀመረው ሥራው ገዛሊ ወደ ደረሰበት ድንበር ያለ ሃይማኖታዊ መነሻ ደረሰ፦ የምናየው መቀዳደምን፣ መጎራበትንና ደጋግሞ አብሮ መምጣትን ነው፤ «ግዴታ» የምንለው አእምሮ ከልማድ የሚጨምረው ነው።

ይህ ክርክር ለባለመኪናው የሚሰጠው ትምህርት አለ። ሂዩም የጠየቀው መደጋገም በርሱ ጉዳይ የለም። ስክሪኑ የተገጠመው አንድ ጊዜ ነው፣ ጌጁ የወደቀውም በዚያው መኪና ላይ ነው። ከአንድ መከተል የሚገኘው ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬው ግን ባዶ አይደለም፤ ገጣሚው የነካው ሽቦ ምልክቱ የሚያልፍበት ያው ሽቦ ከሆነ ጊዜውም ቦታውም ይገጥማሉ። መኪናው በዚያው ሰሞን ጎማ ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ጊዜው ቢገጥምም መንገዱ ባልገጠመ ነበር። የጊዜ ቅደም ተከተል ምርመራው ከየት እንደሚጀመር ያሳያል፤ የት እንደሚያበቃ አያሳይም።

ከውጤት ወደ ኋላ እየሄዱ በደለኛ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያሳስት መጽሐፈ ኢዮብ በሰፊው ያሳያል። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መከራውን አይተው ኀጢአቱን ደመደሙ። የሐሳባቸው አካሄድ «በደል መከራን ያመጣል፤ ይህ መከራ ነው፤ ስለዚህ በደል አለ» የሚል ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ እውነት ቢሆን እንኳ መደምደሚያው አይከተልም፣ መከራ በሌላም መንገድ ይመጣልና። «የተበላሸ ቅጥያ ምልክት ያጠፋል፤ ምልክት ጠፍቷል፤ ስለዚህ ቅጥያው ተበላሽቷል» የሚለውም እዚያው ላይ ይወድቃል። ገጣሚው ግን በዚህ ነጻ አይወጣም፤ «አጋጣሚ ነው» ማለትም ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ነው።

ልዩነቱን መፈተሽ

ከጥርጣሬ ወደ ዕውቀት የሚያሻግረውን መንገድ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 በታተመው የሎጂክ መጽሐፉ የልዩነት ዘዴ ብሎ ሰይሞታል። ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ነገር ብቻ ቢለያዩ፣ በአንደኛው ክስተቱ ቢኖርና በሌላው ባይኖር፣ ያ የተለየው ነገር የክስተቱ ምክንያት ወይም የምክንያቱ አካል ነው። ጋራዥ ውስጥ ይህ ማለት የናቪጌሽኑን የፍጥነት ሽቦ ብቻ ማላቀቅና ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው ነው።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ይሄዳል። አስቀድሞ ፊውዞች ይታያሉ፤ የጌጁ ፊውዝ ተቃጥሎ ከሆነ ለምን ተቃጠለ የሚለው ሳይመለስ አዲስ አይተካም። ቀጥሎ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ መደገፊያ ይገባል፣ የቀሩት ጎማዎችም ታኮ ይደረግባቸዋል። ቁልፉ በርቶ በባለሦስት ሽቦው ሴንሰር ሶኬት ላይ ኃይልና ግራውንድ መኖራቸው በመልቲሜትር ይረጋገጣል። ከዚያ ጎማው በእጅ ቀስ ተብሎ ሲዞር የምልክቱ ሽቦ ይለካል። ደኅናው መስመር፣ 5 ቮልት የሚቀመጥበት ከሆነ፣ በዜሮ አቅራቢያና በ5 አቅራቢያ መካከል እየተፈራረቀ ይታያል። ጎማው ሳይዞር የሚገኝ አንድ ንባብ ምንም አይናገርም፤ ሴንሰሩ ጥርስ ላይ ወይም ክፍተት ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላልና። ጎማው በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ተራ መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያሳይ 2.5 ገደማ ቢያነብ ምልክቱ ደከመ ማለት አይደለም።

ጎማው እየዞረ መስመሩ ከዜሮ አካባቢ ካልተነሣ፣ የሆነ ነገር ወደ ግራውንድ ይዞታል ወይም የሚቀመጥበት ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው። 5 ላይ ደርቆ ከቀረ ሴንሰሩ መስመሩን መሳብ አልቻለም፤ ወይ ራሱ ሞቷል ወይ በመካከል ሽቦ ተቋርጧል። አሁን የናቪጌሽኑ ሽቦ ይላቀቃል። ዜሮ ላይ የተያዘው መስመር ወዲያው መፈራረቅ ከጀመረ ጥርጣሬው ክብደት ያገኛል። ፈተናው ግን እዚህ ላይ አያበቃም፤ ሽቦው መልሶ ይገጠማል። ብልሽቱ ተመልሶ ከመጣ፣ ሲላቀቅም ደግሞ ከሄደ፣ ሂዩም የጠየቀው መደጋገም በሰው እጅ ተፈጠረ ማለት ነው። ምክንያትን ከአጋጣሚ አብሮነት የሚለየው ጣልቃ መግባት ነው የሚለው አስተሳሰብ በዘመናችን በጁዲያ ፐርልና በጄምስ ዉድዋርድ ሥራዎች በሰፊው ተብራርቷል፤ መካኒኩ አንድ ሽቦ ነቅሎ ሲመልስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ዘዴው ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው ችኮላ ነው፦ ሴንሰሩንም ቀይሮ፣ ሽቦውንም አላቆ፣ ኮዱንም አጥፍቶ መኪናው ቢድን፣ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛው የሚቆራረጥ ብልሽት ነው፤ ለአንድ ሰዓት መጥፋቱ መዳኑን አያረጋግጥም። ሦስተኛው የመርማሪው እጅ ነው፤ የላላ ቅጥያ ሲነካ ብቻ ለጊዜው ሊይዝ ይችላል። ለእነዚህ የሚረዳው የጆን ስቱዋርት ሚል ሌላው ዘዴ፣ አብሮ የመለዋወጥ ዘዴ ነው። ሽቦው በየክፍሉ ቀስ ተብሎ እየተወዘወዘ ምልክቱ የሚጠፋበት ነጥብ ይፈለጋል፤ የስክሪኑ ብርሃን ወይም ድምፅ ሲጨምር ጌጁ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ግራውንድ ይዞራል። በካን መረብ ላይ ባትሪው ተነቅሎ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካል፤ በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ያለው መረብ ደኅና ሲሆን 60 ገደማ ያነባል፣ 120 ካነበበ አንደኛው ጫፍ ከመረቡ ተለይቷል።

ብቻውን የሚፈተን ግምት

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅና ፈላስፋ ፒየር ዱሄም እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ግምት ብቻውን ሊፈተን አይችልም ብሎ ተከራክሯል፤ የሚፈተነው ከረዳት ግምቶቹ ጋር በጅምላ ነው፣ ውጤቱ ሲከሽፍም የትኛው እንደተሳሳተ ፈተናው ራሱ አይናገርም። አዲስ ሴንሰር ተገዝቶ ተገጥሞ ጌጁ ዜሮ ላይ ቢቀር «ሴንሰሩ ደኅና ነበር» ለማለት ያስቸኩላል። ድምዳሜው ግን አዲሱ ሴንሰር ራሱ እንደሚሠራ፣ ለመኪናው ትክክለኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ሶኬቱ በሚገባ እንደገጠመ፣ ኃይልና ግራውንድ እንደደረሱት ሁሉ አስቀድሞ አምኗል። ካምቢዮው ውስጥ ሴንሰሩን የሚያዞረው የፕላስቲክ ጥርስ ተበልቶም ሊሆን ይችላል። ዕቃ እየቀያየሩ መመርመር ውድ ብቻ ሳይሆን በዕውቀትም ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ረዳት ግምት በየተራ በመለኪያ ማጽዳት ግን የዱሄምን ችግር ባያጠፋውም ያጠብበዋል፤ የሚጠረጠሩት አምስት ከሆኑ አራቱ ይወጣሉ።

ከነዚህ ረዳት ግምቶች አንዱ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ብልሽት መኖሩ ራሱ ግምት ነው። ስክሪኑ በሳተላይት ፍጥነት 92 ሲያሳይ ጌጁ 98 ቢያሳይ፣ ከስክሪኑ በፊት ማንም ያላስተዋለው ልዩነት በድንገት ችግር ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 ግን ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ወደ ላይ ደግሞ እስከ 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። በእውነተኛ 80 የሚጓዝ መኪና እስከ 92 ቢያሳይ በደንቡ ውስጥ ነው። ሁለት መለኪያዎች ሳይስማሙ ሁለቱም እንደተሠሩለት ዐላማ ሊሠሩ ይችላሉ።

ምክንያትና ተጠያቂነት

ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የሥነ ምግባር ነው። ምርመራው መስመሩን የያዘው የናቪጌሽኑ ቅጥያ መሆኑን ቢያሳይም፣ ለብልሽቱ ያበቁት ሁኔታዎች ብዙ ናቸው፦ በዕድሜ የደረቀ የሽቦ ልባስ፣ መዳቡን የነከሰ ማያያዣ፣ በጎርፍ ጊዜ የገባ እርጥበት፣ በርካሽ እንዲያልቅ የተፈለገ ሥራ። አንዱም ቢጎድል ብልሽቱ ላይከሰት ይችል ነበር። ኤች. ኤል. ኤ. ሃርትና ቶኒ ኦኖሬ እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ምክንያት በሕግ ውስጥ በጻፉት መጽሐፍ፣ ሰዎች ከብዙ ሁኔታዎች መካከል «ምክንያት» ብለው የሚመርጡት ከተለመደው የወጣውን ነገር ወይም ሰው አስቦ የሠራውን ድርጊት መሆኑን አሳይተዋል። የሽቦው ማርጀት በአሮጌ መኪና የሚጠበቅ ነው፤ አሮጌ ሽቦን እንደ አዲስ ቆጥሮ መንከስ ግን የሙያ ጉድለት ነው። በሌላ በኩል ባለመኪናው እየነዳ ቪዲዮ ለማየት ብሎ የእጅ ፍሬኑንና የፍጥነቱን ሽቦ እንዲያታልሉለት አዝዞ ከሆነ፣ ከጥፋቱ ድርሻ አለው፤ ገጣሚውም እሺ በማለቱ ከድርሻው አይወጣም።

ተጠያቂነት ከምክንያት በፊት ሲፈረድ ምርመራው ራሱ ይበላሻል። የተከሰሰ ገጣሚ የሠራውን ይሸፍናል፣ የትኛውን ሽቦ እንደነካ አይናገርም፤ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መረጃ ግን ያ ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለው ብሂል የሚጠይቀው ቅደም ተከተል እዚህ ተግባራዊ ጥቅም አለው፦ መጀመሪያ የሆነው ይታወቃል፣ ከዚያ ያደረገው ይጠየቃል።

ጥገናውም ይህንኑ ተከትሎ ይመጣል። የተነከሰው ሽቦ ጤነኛው መዳብ እስኪገኝ ተቆርጦ በሶልደር ይያያዛል፣ በሙቀት በሚጠብቅ ልባስ ይሸፈናል፤ የስክሪኑ ኃይል የራሱ ፊውዝ ያገኛል፣ ግራውንዱም በተፋቀ ብረት ላይ ይታሰራል። ስክሪኑ ያለ ፍጥነት ሽቦ መሥራት የሚችል ከሆነ ሽቦውን ጨርሶ አለመቀጠልም አማራጭ ነው፤ የሚጎድለው ሳተላይት በሌለበት የሚደረገው ግምት ብቻ ነው። ኮዱ የሚጠፋው በመጨረሻ ነው፣ ማስረጃ ነውና። ከዚያም መኪናው ብልሽቱ ይታይባቸው በነበሩት ሁኔታዎች፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ሙቀትና መንገድ ይነዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው ዕውቀት ገዛሊና ሂዩም የከለከሉትን ፍጹም ግዴታ አያሳይም። በተደጋጋሚ ሲነቀልና ሲተከል የጸና፣ ተቀናቃኝ ግምቶቹ በመለኪያ የወደቁበት፣ ነገ ተቃራኒ ማስረጃ ቢመጣ የሚታረም ዕውቀት ነው። ሽቦውን ለመጠገንና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ለመወሰን ይህ ይበቃል።